ካርቦን ጫማ ስናደርግ ሸክሙ የት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። መስመሩን ካለፈች በኋላ ጫማዋን አውልቃ ወደ ላይ አነሳችው። አዲዳስ የሠራው ካርቦን ጫማ ነው። አንዱ እግር 138 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋውና ስለ ቅለቱ ሆነና አንድ ነገር ሳይስተዋል አለፈ። ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ለመላመጃ እንደሆነ ድርጅቱ ራሱ ተናግሮ ነበር። ለየቀኑ ልምምድ ነው አላለም።

ዛሬ ካርቦን ጫማ፣ ማለትም ሶሉ ውስጥ ጠንካራ ካርቦን የተቀበረበት ጫማ፣ የማይታይበት የጎዳና ውድድር ማግኘት ይከብዳል። ልምምድ ላይም ገብቷል። ክርክሩም አብሮ መጣ። አንዱ "ካርቦን አጥንት ይሰብራል፣ ተጠንቀቅ" ይላል። ሌላው "እኔ ካርቦን ካደረግኩ ወዲህ ባቴ አይታሰርም፣ እንዲያውም ከጉዳት ያድናል" ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚያወሩት። ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የያዙት። ጫማው ሸክም አያጠፋም። ከአንዱ የእግር ክፍል አንስቶ ሌላው ላይ ያደርገዋል። ሸክም የተነሳለት ያመሰግናል፣ የተጫነበት ያማርራል።

ውስጡ ምን አለ?

ጫማውን ለሁለት ቢሰነጥቁት ከላይ እስከ ታች የሚታየው ፎም (ስፖንጅ መሰል ለስላሳ ነገር) ነው። ተረከዙ ጋ ወደ 40 ሚሊሜትር ይጠጋል። ፎሙ መሃል ስስ፣ ጠንካራና ጎበጥ ያለ የካርቦን ፕሌት (ዝርግ ሰሌዳ) ተቀብሯል። ሶሉ ደግሞ ከፊት በኩል ቀና ያለ ነው። ሲረገጥ ወደፊት ያንከባልላል።

ፕሌት ያለው ጫማ ድሮም ተሞክሯል። ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን 2017 ነው። ናይኪ በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ኬንያዊውን ኤሊዩድ ኪፕቾጌን፣ የእኛውን ሌሊሳ ዴሲሳንና ኤርትራዊውን ዘረሰናይ ታደሰን ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ ሰበሰበ። ዓላማው ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ማስጨረስ ነበር። ኪፕቾጌ 2 ሰዓት ከ25 ሰከንድ ገባ። ለጥቂት አመለጠው። ቬፐርፍላይ 4 ፐርሰንት የተባለው ጫማም በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ዋለ። ስሙ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ሯጮችን በዚህ ጫማ አስሩጠው ሲለኩ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚያወጡት ኃይል በአማካይ በ4 በመቶ ቀንሶ ነበር።

ሰው ምስጋናውን በሙሉ ለካርቦኑ ሰጠ። የዚያው ጥናት ቁጥሮች ግን ወደ ሌላ ያመለክታሉ። ጫማዎቹ በማሽን ተጨፍልቀው ሲለኩ አዲሱ ከተቀበለው ኃይል 87 በመቶውን መልሷል። አብረውት የተለኩት ሁለት የውድድር ጫማዎች የመለሱት 76 እና 66 በመቶ ገደማ ነው። በኋላ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የቬፐርፍላይን ፕሌት ብዙ ቦታ ላይ ቆርጠው 15 ሯጮችን አስሮጡበት። ጫማው በቀላሉ የሚታጠፍ ሆነ። የሯጮቹ የኃይል ወጪ ግን ከ1 በመቶ በላይ አልተለወጠም። እንግዲህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፎሙ ነው ማለት ነው።

የጉዳት ነገር ሲነሳ ግን ፕሌቱን መርሳት አይቻልም። እግር ከፊት እንዳይታጠፍ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ጣት ሳይታጠፍ ሲቀር

ባዶ እግራችሁን ሁለት እርምጃ ተራመዱና ተመልከቱ። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ እግር ከጣቶቹ ሥር ይታጠፋል። ይህ መታጠፍ ኃይል ይበላል፣ የሚመልሰው ግን ትንሽ ነው። ጠንካራ ፕሌት ከሥር ሲገባ መታጠፉ ይቀንሳል።

"ያድናል" የሚለው ወገን እውነት እዚህ ላይ ነው። የአውራ ጣታቸው መገጣጠሚያ የደረቀባቸው ሰዎች በእያንዳንዱ እርምጃ ይታመማሉ። ለእነሱ የእግር ሐኪሞች ጠንካራ የካርቦን ገበር ሲያዙ ኖረዋል። ሩጫ ውስጥ ፋሽን ከመሆኑ በፊት ማለት ነው። የአውራ ጣት ጅማታቸው የተጎዳ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችም ይጠቀሙበታል። መታጠፉ ሲቀር ሕመሙ ይቀንሳል። በተጨማሪም በቬፐርፍላይ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚት የሚሠራው ሥራ በተወሰነ ደረጃ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ቁርጭምጭሚትን የሚገፋው ደግሞ ባት ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ "እግሬ አልሞተም" የሚለው ሰው ሐሰት አልተናገረም።

ግን ሂሳቡን እንጨርሰው። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ እግር መሬትን የሚመታው ከክብደታችን ሁለት፣ ሁለት ተኩል እጥፍ በሆነ ኃይል ነው። ያ ኃይል የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። ጣቶቹ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ድርሻውን ሲተው፣ ከእሱ ኋላ ያሉት የመሃል እግር አጥንቶች ላይ የሚደርሰው ነገር ይለወጣል። ምን ያህል የሚለው ከሰው ሰው ይለያያል። 50 ኪሎ የሚመዝን ማራቶኒስትና 85 ኪሎ የሚመዝን የቢሮ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ጫማ ቢያደርጉም ፕሌቱ ለሁለቱ እኩል አይታጠፍም። ተረከዙን የሚያስቀድምና በፊት እግሩ የሚረግጥ ሰውም አንድ አይደሉም።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። 40 ሚሊሜትር ለስላሳ ፎም ላይ መቆም ወደ ጎን ያወዛውዛል። ቀጥ ባለ አስፓልት ላይ ብዙም አይታወቅም። ጠባብ ኩርባ ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ፣ የተቆፈረ መንገድ ጠርዝ ላይ ግን ይታወቃል። ቁርጭምጭሚት ራሱን ለማስተካከል ይታገላል።

ከሁሉም በላይ የማየው ግን ፍጥነቱን ነው። ጫማው ኃይል ሲያተርፍልን እኛ ትርፉን አናስቀምጠውም። ወዲያው ፍጥነት እናደርገዋለን። ልብና ሳንባ "ዛሬ ቀላል ነው" ይላሉ። አጥንትና ጅማት ግን የሚያውቁት በምን ፍጥነት እንደተመቱ ብቻ ነው። ድካም የሚባለው ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ ሲመጣ ሰው ካቀደው በላይ ይሄዳል።

አምስቱ ስፖርተኞች

"ካርቦን አጥንት ይሰብራል" የሚለው ወሬ ከአየር አልመጣም። በ2023 የአሜሪካና የጀርመን የስፖርት ሐኪሞች የአምስት ስፖርተኞችን ጉዳይ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። አምስቱም ካርቦን ጫማ ይጠቀሙ ነበር። አምስቱም ናቪኩላር በሚባለው የእግር አጥንት ላይ ከተደጋጋሚ ጫና የመጣ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ይህ አጥንት ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ በእግር አናት ላይ ይገኛል። ሮጦ በማያውቅ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ጉዳት እምብዛም አይታይም። ሯጭ ሲይዘው ግን ክፉ ነው። የአጥንቱ መሃል የሚያገኘው ደም ትንሽ በመሆኑ ቶሎ አይድንም። ብዙ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት እግርን ጨርሶ ሳይረግጡ በክራንች መሄድ ይጠይቃል። አንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሕመሙ ቦታው በውል አይታወቅም። ሲሮጡ ይመጣል፣ ሲያርፉ ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙዎች ወራት የሚሮጡበት።

ይህ ማስረጃ ሊናቅ አይገባም። ከልኩ በላይ ሊጋነንም አይገባም። አምስት ሰው ነው። በዚያው ጊዜ በካርቦን ጫማ ሮጠው ምንም ያልሆኑት ስንት እንደሆኑ ጽሑፉ አይቆጥርም። ሥራውም ያ አልነበረም። ሐኪሞቹ ያደረጉት ለሌሎች ሐኪሞች "ይህን አይተናል፣ ተጠንቀቁ፣ ጫማው ቀስ ተብሎ ይለመድ" ማለት ነው። ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ጫማ የሚገዛው በአብዛኛው በሳምንት ብዙ ኪሎሜትር የሚሮጥ፣ ፈጣን ልምምድ የሚሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሸራ ጫማም ቢሮጥ ለአጥንት ጉዳት የተጋለጠ ነው። የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው።

"ከጉዳት ይጠብቃል" የሚለውስ?

እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ግን ስለ ሌላ ጫማ ነው። በ2020 የወጣ የሉክሰምበርግ ጥናት 848 ተራ ሯጮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለስድስት ወር ተከታተለ። አንዱ ቡድን ጠንከር ያለ፣ ሌላው ለስለስ ያለ ሶል ተሰጠው። ከውጭ ሲታዩ ጫማዎቹ አንድ ናቸው። ጠንካራው የደረሳቸው ሰዎች የመጎዳት ዕድላቸው በ52 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለስላሳነት የሚጠቅመው ከባድ ሰውን ነው ብሎ ሁሉም ይገምት ነበር። ጥቅሙ በግልጽ የታየው ግን ቀላል ክብደት ባላቸው ሯጮች ላይ ነው። እኔ ይህን ጥናት የምወደው ለዚህ ነው፤ ሁላችንም ያሰብነውን አልመለሰም።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ጫማዎች ውስጥ ፕሌት የለም። "ለስላሳ ሶል ይጠቅማል" የሚለውን ይዞ "ስለዚህ ካርቦን ከጉዳት ይጠብቃል" ማለት ዝላይ ነው። ናይኪም በ2020 አንድ ጫማውን ከራሱ ሌላ ጫማ ጋር በ226 ሯጮች አስፈትኖ የተጎዳው ሰው በግማሽ ገደማ ቀነሰ ብሎ አስተዋውቋል። ያ ጫማም ካርቦን የለውም። ወጪውን የሸፈነው ሻጩ መሆኑን ደግሞ አንባቢ ልብ ይበል። ሻጭ የከፈለበት ጥናት ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ግን እኔ ብሆን ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ሁለቴ አነበዋለሁ።

ሰው የሚጎዳው ምን ሲያደርግ ነው?

በ2025 የወጣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት ከ5,000 በላይ ሯጮችን በእጅ ሰዓታቸው ላይ በተመዘገበው መረጃ ተከታትሏል። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ባለፉት 30 ቀናት ከሮጠው ረጅሙ ርቀት ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ በአንድ ቀን ሲሮጥ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ከ10 እስከ 30 በመቶ ካስበለጠ ጭማሪው 64 በመቶ ነው። ርቀቱን ከእጥፍ በላይ ካደረገው አደጋውም ከእጥፍ ያልፋል። ለምሳሌ ወር ሙሉ ከ10 ኪሎሜትር አልፎ የማያውቅ ሰው እሑድ ጠዋት ጓደኞቹ ጎትተውት 15 ቢሮጥ፣ ችግሩ የጫማው ብራንድ አይደለም።

አሁን ይህን ከአዲስ ጫማ ጋር አስቡት። ካርቦን ጫማ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ለውድድር ሲቃረብ ነው። ለውድድር ሲቃረብ ደግሞ ርቀትም ፍጥነትም ይጨምራል። ጫማ፣ ርቀት፣ ፍጥነት፣ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ይለወጣሉ። ከዚያ እግር ሲታመም ጥፋቱ በአንዱ ላይ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ በውዱ ላይ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለን። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ገባ። ይህን እየጠቀሰ "ወደ ተፈጥሮ እንመለስ" የሚል ወገን ከ2010 ገደማ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ተነስቶ ነበር። እንደ ጓንት ጣት ያለው ስስ ጫማ በሰፊው ተሸጠ። በ2013 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተደረገ ጥናት ታዲያ ልምድ ያላቸውን ሯጮች በአሥር ሳምንት ወደዚያ ስስ ጫማ አሸጋገረ። ከ19ኙ በ10ሩ ላይ በኤምአርአይ ሲታይ የእግር አጥንታቸው ውስጥ የጫና እብጠት ጨምሮ ተገኘ። እነሱ የተጎዱት ሶል አንሷቸው ነው። ቀደም ያነሳናቸው አምስቱ ስፖርተኞች ደግሞ የተጎዱት ሶል በበዛበት፣ ፕሌት በተጨመረበት ጫማ እየሮጡ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያልለመደ እግር ሳይሆን አይቀርም። አበበ ጫማ ሳያደርግ ያደገ ሰው መሆኑን የጓንት ጫማ ሻጮች ማን ያስታውሳቸው?

በእኛ መሬት ላይ

አዲስ አበባ ዙሪያ የሚለማመዱ ሯጮች መሬት የመለየት ልማድ አላቸው። አንዳንዱ ቀን የእንጦጦና የሱሉልታ ጫካ ነው። አንዳንዱ ቀን ኮረኮንች። ሰንዳፋ አስፓልት ላይ የሚወጡት ለፈጣንና ለረጅም ልምምድ ነው፤ በየቀኑ አይደለም። ጥሩው ጫማ የሚወጣው ያን ቀን ነው። ይህ ልማድ በከፊል ከገንዘብ ቁጠባ የመጣ ነው። ለእግር ግን ጥሩ ሥርዓት ሆኖ ተገኝቷል። ከሉክሰምበርግ የወጣ ሌላ ጥናት 264 ሯጮችን ተከታትሎ፣ ጫማ እያቀያየሩ የሚሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ሸክሙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አያርፍም ማለት ነው።

ካርቦን ጫማ ለጫካ አይሆንም። የባሕር ዛፍ ሥርና ድንጋይ ላይ ያ ከፍታና ያ ጠባብ ተረከዝ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። እዚያ ሰዎች ሲያደርጉት አያለሁ፤ አላደንቅም።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ለደኅንነት የወጣ ይመስለዋል። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 ለጎዳና ጫማ ያስቀመጠው ገደብ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥና ፕሌቱ አንድ ብቻ እንዲሆን ነው። በ2021 ቪየና ማራቶንን ቀድሞ የገባው ደራራ ሁሪሳ ሶሉ 50 ሚሊሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። ነገሩ ያሳዝናል። ግን ገደቡ የወጣው ለውድድር ፍትሐዊነት ነው። 39 ሚሊሜትር ስለሆነ ለእግራችሁ ጤና ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ?

ለታላቁ ሩጫ በዓመት አንዴ የምትወጡ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። እሱ ቀን ጭፈራ ነው፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሳ ፕሌቱ ሥራ ለመጀመር ቦታ አያገኝም። በማራቶን ወይም በግማሽ ማራቶን ጥሩ ሰዓት ለማስመዝገብ የምትለማመዱ ከሆነ ግን አትፍሩት። አንድ ፈጣን ልምምድ ላይ፣ ከአጭር ርቀት ጀምሩበት። በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር አትጨምሩ። ቀላሉን ሩጫ በተራው ጫማ ሩጡ። እግር፣ ባትና ጣት ሥራቸውን እንዳይረሱ የሚያደርገው እሱ ነው። ከውድድሩ በፊት ደግሞ በውድድሩ ፍጥነት ረዘም ያለ ሩጫ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ቀን ማድረግ ግን ቁማር ነው።

ያገለገለ ጫማ ስትገዙ ከላይ ያለው ጨርቅ አያታልላችሁ። ፎሙ ጨርቁ ከማርጀቱ በፊት ይሞታል። ፕሌቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ከሥሩ የሚለሰልስ ነገር ሲጠፋ የሚተርፈው ጠንካራው ብቻ ነው። ወደ አንድ ጎን የተጋደመ ሶል ያለውን ደግሞ በነጻም ቢሆን አትውሰዱ።

ለልጆች አልመክርም። ገና የሚያድግ እግር መታጠፍን መማር አለበት። የአጥንት ስንጥቅ ደርሶበት የሚያውቅ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክር። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ከጫማ በፊት የምታየው ነገር አለ። ሰውነት ለሚያወጣው ኃይል በቂ ምግብ ሳያገኝ ሲቀር አጥንት ይዳከማል፤ የወር አበባ መቅረት የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። በረጅም ጾም ወቅት ልምምዱን ሳይቀንሱ የሚሮጡትም፣ ወንድም ሴትም፣ ይህን ያስቡበት።

ሕመሙ የሚለይበት መንገድ አለ። ከፈጣን ልምምድ በኋላ ጡንቻ ላይ ተዘርግቶ የሚሰማ፣ በሁለት ቀን የሚለቅ ሕመም ያልፋል። በአንድ ጣት ተጭናችሁ "እዚህ ጋ" የምትሉት፣ በተለይ የእግር አናት ላይ ሆኖ፣ እየሮጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ ግን ሩጫውን እዚያው አቁሙ። ዛሬ ለመጨረስ ሁለት ኪሎሜትር ቀርቶኛል አይባልም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ራጅ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል እወቁ። የናቪኩላር ጉዳት መጀመሪያ ላይ በተራ ራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ይፈልጋል። "ምንም የለህም" ተብላችሁ ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ። የምትሮጡበትን ጫማም ይዛችሁ ሂዱ፤ መቼ እንደጀመራችሁትና በሳምንት ምን ያህል እንደሮጣችሁበትም ንገሯቸው።